ሚስጥሩ የታወቀ ኳርቴት እንዴት ይመዘናል?

ሚስጥሩ አደባባይ የወጣ ሙዚቃ ቢፈለግ የዲሚትሪ ሾስታኮቪችን 8ኛ ኳርቴት የሚስተካከል አይገኝም። ኮንሰርቱ በር ላይ የሚታደለው ወረቀት አንድም ሳያስቀር ይዘረግፈዋል። አራቱ ኖታዎች የደራሲው ስም ናቸው፤ ይኼኛው ዜማ ከ1ኛ ሲምፎኒው የመጣ ነው፤ ያኛው ለዓመታት ከመድረክ ከተባረረው ኦፔራው ነው፤ ሦስቱ ምቶች ደግሞ በሌሊት በር የሚያንኳኩ ሰዎች ናቸው። አድማጩ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ጥቅስ በሰማ ቁጥር በልቡ «ይኸው!» ይላል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላም ሁሉንም እንዳገኘ ተማምኖ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ተጫዋቾቹም ከእሱ አይሻሉም። ጥቅሱ ጋ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ገታ፣ ድምፃቸውን ጎላ አድርገው «እዚህ ላይ ልብ በሉ» ይሉናል።

እኔ ይህን ሥራ የሚጫወቱ ሰዎችን የምለካው በሌላ መስፈሪያ ነው። ጥቅሶቹን ማንም ያገኛቸዋል። የሚያስቸግረው ከአንዱ ጥቅስ ወደ ሌላው የሚወስደው ሙዚቃ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ስም ያልተሰጠው፣ ማንም ያልተረጎመው፣ ተራ የሚመስለው። ጥሩው ቡድን ከመካከለኛው የሚለየው እዚያ ነው። ልዩነቱን ለመያዝም በቀረጻ ከማዳመጥ ይልቅ በአካል ተገኝቶ ጣትና ደጋን ማየት ይሻላል።

ታሪኩን ባጭሩ ላንሳ፤ ያለ እሱ መመዘን አይቻልምና። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1960 ሾስታኮቪች በያኔዋ ምሥራቅ ጀርመን፣ ከድሬስደን ብዙም በማትርቀው የጎሪሽ የመዝናኛ መንደር ተቀምጦ ነበር። የተላከው ድሬስደንን ለሚመለከት «አምስት ቀን፣ አምስት ሌሊት» ለተባለ ፊልም ሙዚቃ እንዲጽፍ ነው። እሱ ግን ከ12 እስከ 14 ባሉት ሦስት ቀናት ይህን ኳርቴት ጻፈ። በይፋ መታሰቢያነቱ ለፋሺዝምና ለጦርነት ሰለባዎች ተሰጠ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ለወዳጁ ለአይዛክ ግሊክማን በላከው ደብዳቤ ግን ሌላ ነገር አወራ። እሱ ሲሞት የመታሰቢያ ሙዚቃ የሚጽፍለት ሰው እንደማይኖር፣ ስለዚህ ራሱ ለራሱ ለመጻፍ እንደ ወሰነ፣ እንደ ልማዱ በራሱ ላይ እየቀለደ ነገረው። በዚያው ዓመት የኮሚኒስት ፓርቲ አባል እንዲሆን ተገፍቶ ነበር፤ ይህ ሲሆን እንደ ልጅ ማልቀሱን ግሊክማን መስክሯል። ደብዳቤዎቹ በመጽሐፍ የታተሙት በ1993 ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ኳርቴት እንደ ድሮው የሚሰማ ጆሮ የለም።

ሰምና ወርቅ እየሰማ ላደገ አንባቢ ይህ ምንም እንግዳ ነገር የለበትም። ሰሙ የጦርነት ሰለባዎች፣ ወርቁ ደራሲው ራሱ ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይፈታዋል። ይኸው ቅልጥፍናችን እዚህ ላይ ያሳስተናል ብዬ እሰጋለሁ። ቅኔው ሲፈታ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ግን ቀልጦ የሚፈስ የለም። የድሬስደን ነገር ለሳንሱር ሲባል የተለጠፈ ሽፋን ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ከተማይቱ ከተደበደበች ያኔ ገና 15 ዓመት መሆኑን፣ ፍራወንኪርኸ የተባለችው ትልቋ ቤተ ክርስቲያንም በመሐል አደባባይ የድንጋይ ክምር እንደ ሆነች መቆየቷን ይረሳሉ። ሰውየው ፍርስራሹን አይቷል፤ ስለ ራሱም አልቅሷል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛዬ ይህ ነው፦ ተጫዋቾቹ ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱን መርጠው መጥተዋል ወይ? መርጠው ከመጡ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይታወቃል። የአንዱ ሰው የግል ለቅሶ ነው ብለው የመጡት አንደኛ ቫዮሊኑን እንደ ሶሎ ያስለቅሱታል፤ የጦርነት ሥዕል ነው ብለው የመጡት ደግሞ ድምፅ ማብዛት ይወዳሉ።

መፍቻው ለሙዚቃው ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ማየት የሚፈልግ ሰው የአልባን በርግን «ሊሪክ ስዊት» ያስብ። የኮሊሽ ኳርቴት ሥራውን በጃንዋሪ 1927 ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት ሰዎች ወደዱት፣ አጠኑት፣ ስለ እሱ መጻሕፍት ጻፉ። በ1977 የሙዚቃ ተመራማሪው ጆርጅ ፐርል፣ በርግ በእጁ በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ቀለም ማስታወሻ የጻፈበትን ኖታ አገኘ። ሥራው ለካ ባለ ትዳሩ በርግ፣ ባለ ትዳር ለሆነችው ለሐና ፉክስ የጻፈው የፍቅር ደብዳቤ ኖሯል፤ የሁለቱ ስም መነሻ ፊደሎች በኖታ ተለውጠው በየቦታው ተሰግስገዋል። ከ1977 በፊት ያለቀሰው አድማጭ በምን አለቀሰ? የሐናን ስም አላወቀም። ሙዚቃው ግን ደርሶታል። 8ኛውን ኳርቴት ስትሰሙም ይህን አስቡና ወረቀቱን ከወንበሩ ሥር አኑሩት። ምንም የማያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቢቀመጥ የሚጨብጠው ነገር አለ ወይ?

የደራሲው ፊርማ ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ዶ፣ ሲ ነው። ጀርመኖች እነዚህን ኖታዎች ዴ፣ ኤስ፣ ጼ፣ ሃ ይሏቸዋል፤ ስሙ በጀርመንኛ ሲጻፍ የሚጀምርባቸው ፊደሎች ናቸው። ቼሎው ብቻውን ይጀምራል፤ ቪዮላ፣ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ በመጨረሻም አንደኛ ቫዮሊን ይከተላሉ። አራቱ ኖታዎች እጅግ የተጠጋጉ ስለሆኑ መደበቂያ የላቸውም። ቅኝቱ በትንሹ ቢዛነፍ ይሰማል። ቼሎ ተጫዋቹ ሲጀምር እዩት። ስሙን የሚያውጅ ከሆነ ነገሩ ተበላሽቷል፤ ሰው ብቻውን ሆኖ ስሙን ሲናገር አያውጅም። ከዚያ ሦስቱ ሲገቡ እርስ በርስ ይሰማማሉ ወይስ እያንዳንዱ የራሱን ለቅሶ ይዞ ይመጣል?

ዛሬ ብዙ ቡድኖች ይህን መግቢያ ያለ ቪብራቶ ይጫወቱታል፤ የግራ እጃቸው ጣት ክሩ ላይ አይርገበገብም፤ ድምፁ ደርቆ ይወጣል። ጥሩ ሲሠሩት አጥንት ይሰብራል። አሁን አሁን ግን ፋሽን ሆኗል፤ ድምፅ ስለ ደረቀ ብቻ ሐዘን አይሆንም። ልዩነቱ የሚታየው ደጋኑ ላይ ነው። ያለ ቪብራቶ የሚጫወት ሰው የቀኝ እጁ ክብደት ከኖታ ኖታ እየተለዋወጠ መናገር አለበት፤ አለበለዚያ የሚሰማው ባዶነት የድርሰቱ ሳይሆን የእሱ ነው።

ቀጥሎ 1ኛው ሲምፎኒ ይመጣል። ሾስታኮቪች ያ ሲምፎኒ በሌኒንግራድ በ1926 ሲቀርብለት የ19 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ሥራ ትራምፔት በፈገግታ የሚከፍተው ሐረግ እዚህ እግሩን እየጎተተ ይገባል። ደካማ ቡድን ይህን እንደ ፎቶግራፍ አውጥቶ ያሳያችኋል። እኔ የምጠብቀው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ከታች ረጅም ድምፅ ተይዞ አንደኛ ቫዮሊን ከላይ በግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ እያለ የሚወርድበትን ቦታ። ምንም ጥቅስ የለም፤ ምንም አይከሰትም። የማይረቡ ተጫዋቾች እዚህ ይሰለቻሉ፤ ሲሰለቹም በየሐረጉ መሐል ድምፁን ማበጥና ማሟሸሽ ይጀምራሉ። ዓይናችሁን ከቫዮሊኑ ላይ አንሱና ረጅሙን ድምፅ የያዙትን ተመልከቱ። ደጋናቸው ጫፍ ሲደርስ መመለሱን ታያላችሁ እንጂ መስማት የለባችሁም። ይህን ማድረግ ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ተነጋግረው ተራ በተራ የሚመልሱ ጥንዶች ካያችሁ ሥራቸውን ያወቁ ናቸው።

አምስቱ ክፍሎች ሳይቆራረጡ ተያይዘው ነው የሚሄዱት፤ ሁለተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቅባችኋል። እዚህ ላይ ሁሉም ይጮኻል፤ ጩኸት ርካሽ ነው። መጠየቅ ያለበት ከመጀመሪያው ምት ጀምረው አቅማቸውን በሙሉ አውጥተዋል ወይ ነው። አውጥተው ከሆነ የአይሁዳውያኑ ዜማ ሲመጣ የሚጨምሩት አይኖራቸውም። ያንን ዜማ ሾስታኮቪች በ1944 ለሞተው ወዳጁ ለኢቫን ሶለርቲንስኪ መታሰቢያ ከጻፈው 2ኛ የፒያኖ ትሪዮ ያመጣው ነው። በትሪዮው ጭፈራ ነበር፤ እዚህ ሁለቱ ቫዮሊኖች በኦክታቭ ተደራርበው እስከ ጉልበታቸው ጥግ የሚጮኹት ሆኗል፤ ከሥራቸው ቪዮላና ቼሎ ላይ ታች ይጠርጋሉ። ሁለት ዓይነት ጥፋት አዘውትሮ ይታያል። አንደኛው የታችኞቹ ጠረጋ ዜማውን ሲውጠው ነው፤ ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ ቫዮሊኖቹ ቆንጆ ድምፅ ለማውጣት ሲሞክሩ። ክፍሉ የሚያልቀው አረፍተ ነገር መሐል እንደ ተቆረጠ ሰው ነው። አራቱ ደጋኖች ከክሩ ላይ እኩል ሲነሡ ማየት፣ አንዱም በአየር ላይ ሳይወዛወዝ፣ ለእኔ የቲኬቱን ዋጋ ግማሽ ይከፍላል።

ሦስተኛው ክፍል ዋልዝ ነው፤ ፊርማው ይዘላል፣ ያላግጣል፤ ለምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች በ1959 የተጻፈው 1ኛ የቼሎ ኮንሰርቶም ብቅ ይላል። ስለዚህ ክፍል ብዙ የምለው የለኝም። ማስፈራራት ሲያበዙበት የልጆች ተረት ይመስላል፤ በቀላሉና በትክክል ሲጫወቱት ራሱ በቂ ያስፈራል።

አራተኛው ክፍል ላይ ግን ቆም እንበል። አንደኛ ቫዮሊን አንዲት ቀጭን ድምፅ ይዞ ይቀራል። ሦስቱ ሌሎች በአንድነት ይመታሉ፤ ሦስት ምት። የደኅንነት ሰዎች በር ሲደበድቡ ነው የሚሉ አሉ፤ ቀጭኗ ድምፅ የአውሮፕላን ጉምጉምታ፣ ምቶቹ ቦምብ ናቸው የሚሉም አሉ። ሁለቱንም የሚያረጋግጥ ነገር ኖታው ላይ የለም። በር ይሁን ብሎ የወሰነ ቡድን ምቶቹን ደረቅና አጭር፣ ቦምብ ይሁን ያለው ከባድና የተጎተቱ ያደርጋቸዋል። የወደድኳቸው ቡድኖች ሦስቱን ምቶች በእኩል ክብደት ይሰጡና ከምቶቹ ቀጥሎ ያለውን ዝምታ በሙሉ ርዝመቱ ይጠብቃሉ። አድማጭ ቀጣዩን ምት መቁጠር እስኪጀምር ድረስ። በዚህ መሐል አንደኛ ቫዮሊን ተጫዋቿን ካላያችሁ ትልቁን ነገር አጣችሁ። ምቱ ሲያርፍ ትከሻዋ ከዘለለ ቲያትር እየሠራች ነው። ደጋኗ ምንም እንዳልተፈጠረ በዚያው ዝግታ ከቀጠለ፣ ድምፅዋም ካልሰፋና ካልተንቀጠቀጠ፣ ያኔ ሁለቱም ትርጉሞች ክፍሉ ውስጥ ይቆማሉ።

ከምቶቹ መሐል በእስር የማቀቀ ታጋይን የሚቀብር የድሮ የሩሲያ አብዮተኞች መዝሙር ይወጣል። በ1960 ኦክቶበር 2 የቤትሆቨን ኳርቴት ሌኒንግራድ ላይ ሥራውን ሲያቀርብ አዳራሹ ውስጥ ለነበረው ሰው ይህ መዝሙር ስውር አልነበረም፤ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ለእኛ ዛሬ ምሁራዊ ጥቅስ ሆኗል። እንደ ቅዱስ ዕቃ በጥንቃቄ ተሸክሞ የሚጫወተው ቡድን ይህን ዘንግቷል። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዜማ እንደሚዘመር፣ ቀጥ ባለ ድምፅ መዘመር አለበት።

ከዚያም ቼሎው ወደ ላይ ይወጣል። በቀረጻ ብትሰሙት ቪዮላ ወይም ቫዮሊን ነው ልትሉ ትችላላችሁ፤ በአካል ስትገኙ ቼሎ ተጫዋቹ ትከሻውን ሰብስቦ፣ እጁን ከመሣሪያው አንገት አውርዶ፣ አውራ ጣቱን ክሩ ላይ አስደግፎ በጠባቡ ቦታ ሲፈልግ ታያላችሁ። የሚዘምረው በ1934 ተመርቆ፣ በጃንዋሪ 1936 የፕራቭዳ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ከዘመተበት በኋላ ከመድረክ የጠፋውን «የምጸንስክ አውራጃ ሌዲ ማክቤዝ» የተሰኘውን ኦፔራ ነው። በኦፔራው ካቴሪና ወደ ሳይቤሪያ ከሚነዱ እስረኞች መሐል ናት። ፍቅረኛዋን ሰርጌይን አግኝታ በስስት ትጠራዋለች፤ እሱ ግን ልቡን አስቀድሞ አንስቷል። ይህን የሚያውቅ ቼሎ ተጫዋች ዜማውን ማር አያደርገውም። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ የተነገረው ግን ለማይገባው ሰው ነው። በጣም ጥሩዎቹ ተጫዋቾች እዚህ ላይ ድምፃቸውን ያሳንሱና ለመሣሪያው የማይመቸውን ከፍታ መጨነቁ እንዲሰማ ይተዉታል። አስተካክለውና አለስልሰው የሚጫወቱት ለጆሮ ይጥማሉ፤ ካቴሪና ግን የለችም።

የመጨረሻው ክፍል ፊርማውን ይዞ ወደ መግቢያው ዓይነት አካሄድ ይመለሳል። እዚህ የማዳምጠው ነገር ተራ ነው፤ ቅኝት። ክፍሎቹ ስለሚያያዙ ቆሞ ለመቃኘት ጊዜ የለም፤ ሁለተኛው ክፍል ክሮቹን ቀጥቅጧቸዋል። ሥራው በዶ ማይነር ነው፤ የቼሎውም የቪዮላውም የመጨረሻ ወፍራም ክር ዶ ነው። ያ ክር በትንሹ ወርዶ ከሆነ ሦስቱ ሌሎች ወደ እሱ ዝቅ ይላሉ ወይስ በልባቸው ያለውን ቅኝት ይዘው ይሄዳሉ? አብሮ መኖርን የሚያውቅ ቡድን አብሮ ይወርዳል። ይህን የሚነግራችሁ ወረቀት የለም።

ከጨዋታው በፊት መድረክ ላይ ቆመው የሚያስረዱ ቡድኖች በዝተዋል። እቃወማለሁ ማለቴ አይደለም። ጥሩ አስረጂ ከአፉ ይልቅ መሣሪያውን ያስናገራል፤ የትሪዮውን ዜማ በቀድሞ መልኩ ይጫወታል፣ ቀጥሎ በኳርቴቱ ያለውን ይጫወታል፣ ከዚያ ዝም ይላል። መጥፎው ምን መሰማት እንዳለብን ያዘናል። «አሁን የፍርሃቱ ክፍል ይመጣል» ከተባልኩ በኋላ መፍራት አልችልም። አስረጂው ስለ ደብዳቤው እያወራ ስለ ድሬስደን ምንም ካላነሳ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ጨዋታውም ግማሽ እንደሚሆን ጠብቁ።

ሩዶልፍ ባርሻይ ለትልቅ የክር መሣሪያዎች ቡድን ያዘጋጀውን ቅጂ የሚወዱ ወዳጆች አሉኝ፤ «ቻምበር ሲምፎኒ» ተብሎ ይቀርባል። ድምፁ ይሞላል፤ ምቶቹ ያስደነግጣሉ። እኔን የሚያጎድልብኝ ግን ያቺ ቀጭን ድምፅ ናት። አሥር ቫዮሊን ሲይዛት ማንም አይጨነቅላትም፤ የአንዱ ደጋን ቢንቀጠቀጥ ዘጠኙ ይሸፍኑታል።

ቲኬት ስትገዙ ከመሐል ይልቅ ቪዮላና ቼሎ ወዳሉበት ጎን ጠጋ በሉ፤ አንደኛ ቫዮሊን የትም ብትቀመጡ ይሰማችኋል። የፕሮግራሙንም ቅደም ተከተል እዩ። 8ኛውን ኳርቴት መጨረሻ ላይ አስቀምጦ፣ ጭብጨባው ሲበዛ ተመልሶ አንዲት ጣፋጭ ቁራጭ የሚጨምር ቡድን ለሥራውም ለእኛም አላሰበም። ከእረፍት በፊት ተጫውተውት ከእረፍት በኋላ ሃይድን የሚያስከትሉት ይሻላሉ፤ በተለይ በ1781 የተጻፈውን፣ «ቀልዱ» የሚል ቅጽል የወጣለትን፣ የኦፐስ 33 ሁለተኛ ኳርቴት። እሱ መጨረሻው ላይ እየቆመ፣ እንደገና እየጀመረ፣ አለቀ ሲሉት እየቀጠለ ይሄዳል። በመጀመሪያው አጋማሽ እያንዳንዱን ጥቅስ ለቅሞ የጨረሰው ሰውዬ፣ ወረቀቱ በእጁ እያለ፣ አለቦታው ያጨበጭባል።